ያለ ኮሚሽን

ሀብታም ሆኜ የባጃጅ ሒሳብ ያጣሁበት ዘመን ነበር። ስልኬ ውስጥ ዶላር ተኝቷል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ግን የሳሙና መግዣ የለም። ከጎፈር ሜዳ እስከ ቢሮዬ ፀሐይ እየመታኝ በእግሬ ስሄድ፣ ያለኝን ገንዘብ በልቤ እየመነዘርኩ ነበር የምሄደው። እንዲህ ያለ ሀብት የገጠማችሁ ታውቁታላችሁ። ያልገጠማችሁ ታገሡኝ፣ ላስረዳችሁ።

ያኔ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በሥራ ሰዓት የአለቃዬን ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ውጭ አገር ላሉ፣ ዓይናቸውን ላላየኋቸው ነጋዴዎች የሱቅ አርማ እሠራለሁ። አንዱ የውሻ ምግብ ሻጭ ለአንድ አርማ የከፈለኝ ከወር ደሞዜ ይበልጥ ነበር። ሰዎቹ የሚከፍሉኝ በባንክ ሳይሆን ዩኤስዲቲ በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ፣ በክሪፕቶ ነው። አንዱ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ነው ይባላል። ልዩነቱ፣ ዶላር ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ይኼኛው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ያያችኋል። ዳቦ ለመግዛት መጀመሪያ ብር የሚሰጣችሁና እሱን የሚረከባችሁ ሰው መፈለግ አለባችሁ።

የምፈልገው ነገር አንድ ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ባነር የሚያትም ሰው ማሽኑን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። ያን ማሽን ከገዛሁ የራሴ ሥራ ይኖረኛል፤ የአለቃዬን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ሰውየው ደግሞ እስከ ሰኞ ካላመጣሽ ገዥ አለኝ ብሎኛል። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ሲመነዘር ለማሽኑ በቂ ነው፤ ለሌላ ግን አይተርፍም።

ታዲያ ለምን ዝም ብዬ አልመነዝረውም? ሁለት ቅድመ ሁኔታ ነበረኝ። አንደኛው፣ ማንም እንዳያውቅ። የምኖረው ከእህቴ ጋር ነው። ባሏ ጋሽ ተስፋዬ የቤተክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ሲያዩ ቆርቆሮ ነው የሚታያቸው። እንዲህ ያለ ገንዘብ እንዳለኝ ቢሰሙ እሑድ ዕለት ስሜ በማይክሮፎን እንደሚጠራ አልጠራጠርም። በባንክ ላስገባው እንዳልል የባንኩ ገንዘብ ከፋይ መዘምራን ውስጥ ከጎኔ የምትቆም ልጅ ናት። ሁለተኛው፣ ለማንም ኮሚሽን እንዳልከፍል። አዲስ አበባ ያሉት ደላሎች ከላይ ቆረስ ያደርጋሉ። ዓይኔ እስኪጠፋ የሠራሁትን ገንዘብ፣ ስልክ ነክቶ ለሚያሳልፍ ሰው መስጠት ያንገበግበኝ ነበር። ነገሩ ሕጉ ዘንድ እንዴት ይታያል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ኤርሚያስን ያገኘሁት በዚህ መሐል ነው። በቴሌግራም ላይ የአገራችን ልጆች የሚገናኙበት ቡድን አለ። ኤርሚያስ የሾኔ ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው። ዕቃ ለሚያከፋፍሉት ሰዎች የሚከፍለው ዩኤስዲቲ ይፈልጋል፤ ብሩን ደግሞ ሾኔ ያሉት አባቱ በጥሬው በእጄ ይሰጡኛል። ባንክ የለም፣ ደላላ የለም፣ በሙሉ ዋጋ። እንዲህ ያለ ሰው በጸሎት ነው የሚገኘው አልኩ። ግማሹን አርብ ዕለት ልልክለት፣ ቀሪውን ቅዳሜ ብሩን ስረከብ ልልክለት ተስማማን።

ሰውየው ጥንቁቅ ነበር። መጀመሪያ አባቴ እንዲለዩሽ ፎቶ ላኪልኝ አለ። ለመዝሙር የምለብሰውን ለብሼ የተነሣሁትን ላክሁለት። ቀጥሎ የማን ልጅ ነሽ አለ፤ የአባቴን ስም ነገርኩት። የእሳቸውስ አባት፣ የእሳቸውስ አባት እያለ ወደ ላይ ወጣ። የእናቴንም ጎሣ ጠየቀ፤ ወንጌል የምሰማበትንም ቤተክርስቲያን ጠየቀ። ትልልቆቹ የክሪፕቶ መገበያያዎች መታወቂያ አሳዪ፣ ፊትሽን ወደ ግራ አዙሪ ይላሉ። ይኼ ደግሞ የአገራችን ማጣሪያ ነው አልኩና አደነቅኩት። ቅድመ አያቶቼ ላይ ስደናገር ሆመቾ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ ጠየቅኳት። እናቴ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ በጣም ደስ ባለው ድምፅ እስከ ሰባት ቆጠረችልኝ። ያ ደስታዋ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

አርብ ግማሹን ላክሁ። ደረሰኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ አለ። አባቴ ሁሉን ያውቃሉ፣ አንቺ ብቻ ምህረት ነኝ በያቸው፣ ብዙ አታውሪ ብሎ ጨመረ። ብዙ አለማውራት ደግሞ የእኔም ፍላጎት ነው።

ቅዳሜ ቤት ውስጥ ሾኔ ለቅሶ ልደርስ ነው አልኩ። ነጠላዬን ለበስኩ፤ ባዶ ትልቅ ቦርሳ ያዝኩና ሚኒባስ ገባሁ። ዱራሜ ላይ መኪና ቀይሬ ሾኔ ስደርስ ገበያው ደርቷል። የኤርሚያስን አባት፣ የአቶ ሄራሞን ቤት ታውቀዋለህ ብዬ ባጃጅ ነጂ ስጠይቅ ልጁ ዞር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቅ አለ። አድርሶኝ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። የሾኔ ሰው እንዴት ደግ ነው ብዬ አመሰገንኩት።

ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ቤት ከሩቅ ይለያል። ከአሮጌው የቆርቆሮ ቤት ጎን ፎቅ ይጀመራል፤ አንደኛው ወለል ያልቅና ብረቶቹ ወደ ሰማይ እንደቆሙ ቀጣዩን ብር ይጠብቃሉ። የአቶ ሄራሞም ቤት እንዲያ ነበር። ያልጠበቅኩት ግቢው ውስጥ የተጣለውን ዳስ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ሽማግሌዎች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ። ክው አልኩ። ለቅሶ ነው ብዬ ስለዋሸሁ እግዚአብሔር እውነት አደረገብኝ መሰለኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልለብስ ስል እልልታው ቀለጠ።

የኤርሚያስ እናት፣ እማማ ወርቄ፣ ከሴቶቹ መሐል እየሮጡ መጥተው አቀፉኝ። ወዲያው ከቅል የወጣ ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው ሙሉ ይዘው አናቴ ላይ አሳረፉት። ፀጉሬን የተሠራሁት በዋዜማው ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ተደርጎ ቅቤ የሚቀባው ማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን ገንዘብ ሊቀበል የመጣ ሰው ጭንቅላቱ ለሌላ ነገር አይሠራም። ከኤርሚያስ ጋር ባለን ጉዳይ ተደስተው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሴቶቹ መሐል አስቀመጡኝ። ከቡላ፣ ከአይብና ከቅቤ የተሠራ አታካና በትልቅ ሳህን ቀረበልኝ። ጉርሻው ከግራም ከቀኝም ይመጣል። ለእማማ ወርቄ ጠጋ ብዬ መኪና ያመልጠኛል፣ ነገሩን ቶሎ ብንጨርሰው አልኳቸው። እሳቸው ሳቁና ለሌሎቹ ቸኩላለች ብለው ነገሩ። እልልታው እንደገና ቀለጠ። ያኔ ነው ትንሽ ቅር ያለኝ።

ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ሎምቤቦ የሚባሉ፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በሀዲይኛ ነበር የተናገሩት፤ እኔ በአማርኛ እነግራችኋለሁ። ቤተሰቡን ካመሰገኑ በኋላ የአባቴን ስም ጠሩ። ቀጥለው የአያቴን። ምንም ሳያዩ፣ ሳይደናቀፉ፣ በትራቸውን በየስሙ መሬት ላይ መታ እያደረጉ እስከ ሰባተኛው ድረስ ወጡ። በእናቴም በኩል እንዲሁ። በመጨረሻም ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «መርምረናል። የሥጋ ዝምድና የለም። ልጆቹ መጋባት ይችላሉ» አሉ።

የመጣልኝን ጉርሻ በእጄ ገፋሁ። ለማጣሪያ ብዬ የሰጠሁት ዘር ማንዘሬ በሙሉ ዳሱ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል። ቅቤው የሙሽራ ቅቤ እንደሆነ፣ እናቴም ደስ ያላት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ በፎቶ መርጦ፣ ቤተሰቡ ጨርሶለት፣ ሙሽራዋ በአውሮፕላን ስትሄድለት ማየት ብርቅ አይደለም። ፎቶውን የላክሁት እኔ፤ የዘር ቆጠራውን የላክሁት እኔ፤ በገዛ እግሬ የመጣሁትም እኔ ነኝ።

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ መሐል ገብቼ ደወልኩለት። ኤርሚያስ አነሣ።

«ምንድን ነው ያልካቸው?» አልኩት።

ቀስ ብሎ «አልተቆጡሽም አይደል?» አለ።

«ቅቤ ቀብተውኛል።»

ያኔ እውነቱን ነገረኝ። ሱቁ ክረምት ላይ ተዘርፎ ተቃጥሏል። ዕቃ በዱቤ የሰጡት ሰዎች እየፈለጉት ነው። እዚህ ደግሞ አባቱ ለፎቁ ማስጨረሻ ብለው በሬና በርበሬ ሸጠው ያስቀመጡት ብር አለ። ያን ብር ላክልኝ ማለት ግን አልቻለም።

«እህቴ፣ እዚህ ያለ ሰው ይልካል እንጂ አይጠይቅም። ጠይቆ የሚያውቅ የለም። አባቴ ያንን ብር የሚያወጡት ለሠርጌ ብቻ ነው። ሙሽራዋ ለልብስና ለጉዞዋ ራሷ መጥታ ትውሰድ ብያቸው ነው። አንቺ ተቀብለሽ ውጪ፤ ከወር በኋላ ልጅቷ ተወችኝ እላቸዋለሁ።»

«ትናንት የላክሁልህስ?»

«ለአበዳሪዎቹ ሰጠሁት።»

እንሰቱ ሥር ቁጭ አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ግን ከንዴቱ ሥር ሒሳቡን እየሠራሁ ነበር። ዝም ብዬ ብሩን ከተቀበልኩ የፈለግኩትን ሁሉ አገኛለሁ። ገንዘቤ በሙሉ ዋጋ፣ ያለ ኮሚሽን፣ ያለ ባንክ። ሰኞ ማሽኑን እገዛለሁ። የሚቀረው የእነዚህ ሰዎች በሬና በርበሬ በምን እንደጠፋ አለማወቃቸው ብቻ ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ግማሽ ዓመት የሠራሁት ቀልጦ ይቀራል፤ ማሽኑም ይሄዳል። ማንም ሰው በፍጥነት ትክክለኛውን ነገር ወሰንኩ ቢላችሁ አትመኑት። እኔ ተቀብዬ ልሂድ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ስመለስ አቶ ሄራሞ ብሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። ሰውየው ረጅም ናቸው፤ ኮታቸው የልጃቸው እንደሆነ ያስታውቃል፣ ትከሻው ላይ ሰፍቷል። የቤተክርስቲያናቸው መጋቢ ተነሡና ጸሎት ጀመሩ። የሾኔ ጸሎት አጭር አይደለም። ለኤርሚያስ ሱቅ ጸለዩ፤ ደንበኛው እንዲበዛ፣ መደርደሪያው እንዳይጎድል። ሕዝቡ በየመሐሉ አሜን ይላል። እኔም ቅቤው ግንባሬ ላይ እየወረደ አሜን እያልኩ ነው። ለተቃጠለ ሱቅ መደርደሪያ እንዲህ ከልብ ሲጸለይ መስማት አልቻልኩም። ጸሎቱ ሲያልቅ አቶ ሄራሞ ጥቅሉን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም። አባባ፣ ከእርስዎና ከእማማ ጋር ጓዳ ገብተን ብንነጋገር አልኳቸው።

ጓዳ ገብተን በሩን ዘጋሁ። ሙሽራ እንዳልሆንኩ፣ ብሩ ስለምን እንደሆነ፣ ሱቁ እንደተቃጠለ ነገርኳቸው። ዩኤስዲቲ ምን እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም፤ የውጭ ገንዘብ በስልክ ላክሁለት አልኩ። አቶ ሄራሞ የሚያዳምጡት መሬት መሬት እያዩ ነው። ስጨርስ የጠየቁት እማማ ወርቄ ናቸው።

«መቼ ነው የተቃጠለው?»

«ክረምት ላይ።»

«ለያሆዴ በዓል ብር ልኮልናል እኮ» አሉ። «ከብቱን የገዛነው በዚያ ነው።»

በመስከረም የበሉት ሥጋ በዕዳ የመጣ መሆኑ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። እኔም ያኔ ነው ኤርሚያስን መጥላት ያቃተኝ። ስልኩን ደውዬ ሰጠኋቸው። እማማ ወርቄ በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ከወዲያ ማዶ እናቴ፣ እናቴ ይላል።

«የምትበላው አለህ?» አሉት።

ሲያለቅስ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

አቶ ሄራሞ ጥቅሉን አልጋው ላይ ፈቱት። «የላክሽለት የልፋትሽ ነው፤ ግማሹን ውሰጂ። ሌላውንም ውሰጂና እንደ ትናንቱ አድርገሽ ላኪለት። መመለሻ አድርገው በዪው። ዕዳ ካለበት መጥቶ ከእኔ ጋር ያርስና ይክፈል» አሉኝ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። ወጥተው ለሰዉ እውነቱን ሊነግሩ ነው። እጃቸው ግን የበሩን መያዣ አጣው። እዚያው ያለ መያዣ፤ ሁለቴ ሳቱት።

በሩ ጋ ደርሼ ያዝኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለደላላ እንኳ ቆረስ ማድረግ የሚያንገበግበኝ ሰው ነኝ። «እኔ እምቢ እንዳልኩ ይንገሯቸው» አልኩ።

«ስምሽ ይጠፋል፣ ልጄ።»

«ሆሳዕና ሩቅ ነው» አልኳቸው። ሩቅ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አቶ ሄራሞ ወጥተው ልጅቷ አልፈለገችም አሉ። ሴቶቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። አንዷ፣ ታዲያ ቅቤውን ለምን ተቀባች አለች፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አቶ ሎምቤቦ ያን ሁሉ ዘር በከንቱ በመቁጠራቸው አዝነው በትራቸውን ይዘው ተቀመጡ። እማማ ወርቄ ግን ብሩን ቦርሳዬ ሥር አድርገው ከላዩ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ አይብ ጫኑበት። እምቢ ላለች ልጅ ስንቅ ማስያዝ የትም ታይቶ አይታወቅም ብለው ሴቶቹ ሲያሽሟጥጡ እየሰማሁ ወጣሁ።

ቀሪውን ዩኤስዲቲ ሾኔ መናኸሪያ ላይ ቆሜ ለኤርሚያስ ላክሁለት። ወዲያው ሚኒባስ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እህቴ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከለቅሶ ቤት ቅቤ ተቀብታ የመጣች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። እናቴ ከሆመቾ ደውላ አሳፈረችን ብላ ዘግታለች። ጋሽ ተስፋዬ ደግሞ መሐል ቤት ቆመው ይጠብቁኛል።

«ደቡብ አፍሪካ ያለ፣ ባለሱቅ፣ ባለ ፎቅ ሰው እምቢ አልሽ?» አሉ። «አንቺ ልጅ ብር የሚባል ነገር በዕድሜሽ አታዪም።»

ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ አቀፍኩት። ከበደኝ። አዎ ጋሼ፣ አጠፋሁ አልኳቸው። ቅቤው ዓይኔ ውስጥ ስለገባ ያለቀስኩ መሰላቸውና ራሩልኝ።

ሰኞ ማሽኑን ገዛሁ። ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሠሪዋ አበድሯት ይሆናል፣ ዕቁብ ደርሷት ይሆናል አሉ። ደቡብ አፍሪካን የገፋች ሞኝ ልጅ ዶላር አላት ብሎ የሚጠረጥር የለም። እንዲህ ያለ ምሥጢር አጠባበቅ በምንም ቴክኖሎጂ አይገኝም። ዋጋው ግን ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ለሁለት ዓመት ያህል ገበያ ላይ ሴቶች ሲጠቋቆሙብኝ፣ እናቴም በየበዓሉ ሳታናግረኝ ቆየች። ዛሬ ወጣቶች ሱቄ መጥተው፣ እትዬ፣ ክሪፕቶ ያለ ኮሚሽን መመንዘሪያ መንገድ ይኖር ይሆን ብለው ቀስ ብለው ይጠይቁኛል። እናንተም ልትጠይቁኝ አስባችሁ ከሆነ መልሴ ያው ነው፤ ኮሚሽኑን ክፈሉ። ስማችሁንና የአያቶቻችሁን ስም ሳይጠይቅ የሚቆርጥ ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ ክፈሉ።

ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያን ቀን ባልሄድኩ አልልም። ከዚያ በፊት ገንዘብ ስልክ ውስጥ የሚያድር ቁጥር ብቻ ነበር የሚመስለኝ፤ ከወዲያኛው ጫፍ በርበሬ የሸጠ ሽማግሌ ሊኖር እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

ኤርሚያስ በዚያው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲገባ ተመለሰ። አቶ ሄራሞ ደውለው ካልመጣሽ አሉኝና ሄድኩ። ያው ዳስ ተጥሏል፤ ያው ሰዎች ተቀምጠዋል። ፎቁ እንደቆመ ነው። ኤርሚያስ ከፎቶው በጣም ቀጥኗል። ለእንግዶቹ ልጁ አገሩ ናፍቆት ሱቁን ሸጦ መጣ ተብሎ ተነግሯቸዋል። እናቱ ሥር ተቀምጦ ይበላል፤ እሳቸው ደግሞ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ይከተላሉ። ሁለቴ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

አንዲት አሮጊት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ባለፈው ቅቤውን ለምን ተቀባች ያሉት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እይው እንግዲህ። ሱቁን ሸጦ የመጣ፣ ሀብታም፣ እናቱን የሚወድ ልጅ። አሁን አይቆጭሽም?»

አቶ ሄራሞ ከማዶ ሆነው ሲያዳምጡ አየኋቸው። ማንኪያቸውን አስቀምጠዋል።

«በጣም ይቆጨኛል፣ እማማ» አልኳቸው።

አሮጊቷ እሰይ አሉና ለጎረቤታቸው ነገሩ፤ ጎረቤታቸውም ለቀጣዩዋ። አቶ ሄራሞ መብላታቸውን ቀጠሉ።